በወሰን ድንጋይ የተሠራ ምድጃ

ባልተስ ኤመሪክ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላድነው ፈልጌ አይደለም። ክፉ ሰው በልቶ ጠጥቶ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ባልተስ ግን የገዛ ቤቱን ምድጃ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነው ያረጀው። ታሪኩን እኛ ሰፈር ያወራችው ሚስቱ አፖሎኒያ ናት፤ እሷም ያወራችው እሱን ከቀበረች በኋላ ነው።

ከሃድሰን ወንዝ በስተምሥራቅ፣ ተራሮቹ ከሚጀምሩበት ጥግ፣ በጌታ ቫን ኦስትራንድ ርስት ዳርቻ የሚኖር ጀርመናዊ ጭሰኛ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ ያን አገር በአንድ ወረቀት ለጌታው አያት ሰጥቷቸዋል፤ ንጉሡ መሬቱን አላየው፣ አያትየውም ከወንዙ ዳር ብዙም ርቀው አልሄዱ። ባልተስ በየዓመቱ ስንዴ ይሰፍራል፣ አራት የሰቡ ዶሮዎች ያቀርባል፣ አንድ ቀን በበሬዎቹ ለጌታው ይሠራል። እንደ ማንኛውም ጭሰኛ ጌታውን በሌለበት ያማዋል፣ ሲያየው ደግሞ ቆቡን ያወልቃል። ረዥም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ቃል ከአፉ በስንት ልመና የሚወጣ ሰው ነበር።

ሰው የሚያውቀው ግን በምድጃው ነው። በዚያ አካባቢ እንደ እሱ ያለ ምድጃ አልነበረም። የግድግዳውን ግማሽ ይይዛል፣ ጭሱ ወደ ቤት አይመለስም፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ድንጋዩ ሙቀቱን እስከ ጠዋት ይዞ ያድራል። ድንጋዮቹ ደግሞ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ ግራጫው፣ ቀዩ፣ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨው፣ ሁሉም በእጅ ተመርጦ የመጣ ይመስላል። እንግዳ ገብቶ "ይሄን ሁሉ ዓይነት ድንጋይ ከየት ለቃቅመህ አመጣኸው?" ሲለው፣ ባልተስ "ከማሳው" ይልና ወደ ደጅ ይወጣል።

ከማሳው አልነበረም። አፖሎኒያን ባገባ ዓመት የጌታው ምስለኔ ማንም ያልፈለገውን ጫካ ሰጠው። ያን ጊዜ በዚያ በኩል የነበሩት ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው። ከእሱ ሌላ ያሉት ሁለቱ ብዙም አልቆዩም፤ አንደኛውን ቤተሰብ ወባ ጨረሰው፣ ሌላው እቃውን ጭኖ ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄደ። አፖሎኒያ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በግንድ ጎጆ ውስጥ በጭስ ትታፈናለች።

"ይሄ ጭስ ልጄን ሳይወለድ ያሳውረዋል" አለችው አንድ ቀን ዓይኗን እየጠረገች። "ወይ ምድጃ ሥራልኝ፣ ወይ እናቴ ቤት መልሰኝ።"

የማሳው ድንጋይ ግዙፍ ነው፤ ከነሥሩ ተቀብሮ ሁለት በሬ ግማሽ ቀን ያስለፋል። ከማሳው ማዶ ግን፣ የአገሩ ጥንተ ነዋሪ የሆኑት ሞሂካኖች ከወንዙ ወደ ተራራው በሚሄዱበት የእግር መንገድ ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ የድንጋይ ቁልል ነበረ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ሞሂካን የሆነ ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ከመጣበት አገር የያዘውን አንድ ድንጋይ ይጥልበታል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ "አባቶቻችንም ይጥሉ ነበር" ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ባልተስ ይህን ያውቃል፤ ሲጥሉም በዓይኑ አይቷል። ግን ገበሬ ነው። ገበሬ ከመሬት የተላቀቀ፣ ለእጅ የሚመች፣ ባለቤት የሌለው ድንጋይ ሲያይ የሚታየው ግድግዳ ነው። በሬዎቹን በጠፍጣፋ የእንጨት ሸርተቴ ጠመደና በሦስት ቀን ቁልሉን ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ ስፍራውን አረሰ፣ ስንዴ ዘራበት። ሲያጓጉዝ ያፏጭ ነበር። በኋላ በጣም ያሳፈረው ይህ ማፏጨቱ ነው።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ሰሎሜ መጣች። ሰሎሜ ቅርጫት እየሠራች የምትሸጥ የሞሂካን ሴት ናት፤ በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ቅርጫቶቿን አዝላ ከተራራው ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ባልተስ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሳንቃ ሲመታ አያት። ማሳው መሃል ቆማለች፤ በእጇ ድንጋይ ይዛለች። ግራና ቀኝ ተመለከተች፣ ጥቂት ተራመደች፣ እንደገና ቆመች። ባልተስ የመጨረሻውን ምስማር መትቶ ሲያበቃ አልወረደም፤ የተመታውን መልሶ ይመታ ጀመር። እሷ ግን ወደ ቤቱ መጣች።

"ልጄ" አለችው ወደ ላይ እያየች፣ "እዚያ ማዶ ድንጋይ ነበረን።"

"ምን ድንጋይ፣ እማማ?"

አፖሎኒያ ምንም አታውቅም፤ ሕፃኑን ታቅፋ ከበሩ ብቅ አለች። "እማማ ይግቡ እንጂ! ብርድ ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡና አዲሱን ምድጃዬን ይዩልኝ።"

ሰሎሜ ገባች፣ ተቀመጠች፣ የቀረበላትን ወተት ጠጣች። ከዚያ ምድጃውን ከታች እስከ ላይ፣ ከግራ እስከ ቀኝ ስታየው ቆየች። ድንጋዮቹን እየለየች እንደሆነ ባልተስ ከበሩ ሆኖ ገባው። ስትነሳ በእጇ የያዘችውን ድንጋይ በምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

"ቆንጆ ነው" አለችና ቅርጫቶቿን አዝላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መጥታ አንድ ድንጋይ እዚያው ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። አፖሎኒያ የምርቃት ወግ መስሏት ደስ ይላታል። ባልተስ ግን የቅርጫት ወቅት ሲደርስ ጫካ ውስጥ የሚቆረጥ ግንድ አያጣም። ሰሎሜ ብትቆጣው፣ ብትሰድበው፣ ድንጋያችንን መልስ ብላ አንገቱን ብታንቀው በቀለለው ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አስቦ፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፍቶት፣ ዓመታቱ አለፉ።

በስምንተኛው ዓመት ከማሳው ማዶ አሳሄል ፒክስሊ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከሚንድዌል ጋር ከማሳቹሴትስ መጥቶ ሰፈረ። መሬቱን ከሞሂካኖቹ በወረቀት ገዝቷል፤ የማንም ጭሰኛ አይደለም፣ ይህንንም ላገኘው ሁሉ ይነግራል። አሳሄል ከአጠገቡ ሰው ካጣ ከበሬ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ዝምተኛውን ባልተስን ምን እንዳስወደደው እግዜር ይወቅ።

"አንተ ጀርመን፣ ዛሬ ስንት ቃል ተናገርክ?" ይለዋል እየገባ። "ሦስት? በል እንግዲህ እስከ እሁድ አፍህን አሳርፈው፣ እንዳይደክም።"

ባልተስ ዛፍ ወድቆበት እግሩ የተሰበረ ጊዜ፣ አሳሄል የራሱን ማሳ ትቶ የባልተስን አረሰ። ክረምት ክረምት እየመጣ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ምድጃው ሥር ዘርግቶ፣ የፖም ጠላውን እየጠጣ፣ "እኔ መንግሥተ ሰማያት ብገባ የምጠይቀው ይሄን ምድጃ ነው፤ ሌላውን ለናንተ ትቻለሁ" ይላል። ባልተስ በሕይወቱ ሌላ ወዳጅ አልነበረውም።

ነገሩ የፈነዳው ባልተስ አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። አሮጌው ጌታ ሞተው ልጃቸው ርስቱን ያዘ፤ ልጅየው ደግሞ አባቱ የተዉትን ሁሉ ቆፍሮ የሚያወጣ ዓይነት ነው። ከአሳሄል ጀምሮ በማዶ በኩል የሰፈሩትን አሥራ ሁለት ቤቶች "በርስቴ ላይ ያለ ፈቃድ የገቡ ናቸው፤ ወይ ጭሰኛ ይሁኑ ወይ ይውጡ" ብሎ ከሰሰ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ አሳሄል የንጉሡን ወረቀት ግልባጭ ይዞ መጣና ጮክ ብሎ አነበበው። የርስቱ ወሰን ከወንዙ ተነስቶ በእግር መንገዱ ወደ ምሥራቅ እየሄደ፣ ሞሂካኖች ሲያልፉ ድንጋይ እስከሚጥሉበት ቁልል ድረስ ነው ይላል።

ባልተስ የእህሉን ጆንያ ትከሻው ላይ እንደያዘ ቀረ። ጆንያውን ማውረድ ረሳው።

"ታዲያ ቁልሉ የታለ?" አለ ወፍጮ ጠባቂው።

"ጥያቄው እሱ ነዋ!" አለ አሳሄል። "ጌታው ተራራው ላይ ነው ይላል። ሞሂካኖቹ ታች፣ ባልተስ ማሳ አጠገብ ነበረ ይላሉ። ታች ከሆነ ሁላችንም ነፃ ነን። ተራራው ላይ ከሆነ ቤቴም፣ አጥሬም፣ የአሥራ አምስት ዓመት ላቤም የጌታው ነው። የሞሂካኖቹን ቃል ደግሞ ችሎቱ አይቀበልም፤ መሬቱን ለኛ የሸጡ ስለሆኑ ያደላሉ ተብሏል።"

ወደ ባልተስ ዞረና ፈገግ አለ። "አንተ ከሁላችንም በፊት ነው የገባኸው። አሁን ነው እንግዲህ ያ የቆጠብከው ቃል የሚያስፈልገን።"

ባልተስ ቤቱ እስኪደርስ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁልሉ የት እንደነበረ ከተናገረ፣ የት እንደሄደም መናገሩ ነው። የወሰን ድንጋይ ያነሳ ሰው በቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚረገም ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ደግሞ ያ ሁሉ ክረምት! አሳሄል እግሩን የዘረጋው በገዛ ወሰኑ ሥር ኖሯል። ባልተስ መንገድ ላይ ብቻውን እየሄደ ፊቱ ጋለ፤ የሚያየው ሰው ሳይኖር ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳበ።

በሳምንቱ ምስለኔው ቴዩኒስ መጣ። ባልተስን ለብቻው አላነጋገረውም፤ አፖሎኒያ ፊት ተቀምጦ፣ ባልተስ የሰጠውን ትምባሆ እያጨሰ፣ ምድጃውን አደነቀ።

"ድንቅ ሥራ ነው" አለ። "አንተ ከተጠራህ ምን ትላለህ፣ ባልተስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ።"

"ጥሩ። የማታውቀውን አላውቅም ማለት ኃጢአት የለበትም።" ተነሳና ጓንቱን አጠለቀ። "በነገራችን ላይ፣ ውልህ ያንተና የሚስትህ ዕድሜ ሲያበቃ ያበቃል አይደል? የልጅህን የዮስትን ስም ብናስገባበት ምን ይመስልሃል? ጌታው ደስ ይላቸዋል።"

"እግዚአብሔር ይስጥልን!" አለች አፖሎኒያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ባልተስ ምስለኔውን እስከ ፈረሱ ድረስ ሸኘው፤ እርካቡንም ያዘለት።

ምርመራው በጥቅምት ሆነ። ሦስት ወሰን መርማሪ ዳኞች ከኦልባኒ ከተማ መጡ፤ ሰዉ ሁሉ ተከትሏቸው ተራራው ላይ ወጣ። እውነትም እዚያ ቁልል ነበረ። የትናንት ወዲያ ቁልል! የምስለኔው ሰዎች ሲከምሩት ለማስመሰል እንኳ አልደከሙም። አሳሄል ጎንበስ ብሎ አንዱን ድንጋይ ገለበጠው።

"ክቡራን ዳኞች፣ ይሄ ሽበት የመሰለው የድንጋይ ሻጋታ በላይ በኩል ነው ሲበቅል የማውቀው። ይሄ በሆዱ ነው እንዴ ያረጀው?"

ሰዉ ሳቀ፤ ከዳኞቹም አንዱ ፂሙን ዳበስ ዳበስ አደረገ። የጌታው ነገረ ፈጅ ግን የሚደነግጥ ሰው አልነበረም፤ ሁለት የጌታውን ጭሰኞች አቅርቦ ቁልሉ ድሮም እዚሁ ነበር ብለው እንዲምሉ አደረገ።

"ቁልሉ እዚህ ካልነበረ የት ነበረ? በዓይኑ ያየ ምስክር ይቅረብልን፤ ከሞሂካኖች ሌላ።"

"ባልተስ ኤመሪክ አለ" አለ አሳሄል።

ባልተስ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጁን ጭኖ ማለ። ምስለኔው ፈረሱን ያያል። አሳሄል በርታ የሚል ዓይን ይዞ ፊት ለፊቱ ቆሟል፣ ሚንድዌልም ከጎኑ። ዳኛው "በእግር መንገዱ ዳር፣ በማሳህ አቅራቢያ፣ የድንጋይ ቁልል አይተህ ታውቃለህ?" ብሎ ጠየቀው።

"ትዝ አይለኝም።"

"ባልተስ፣ አትቸኩል" አለ አሳሄል በለሆሳስ። "ረጋ ብለህ አስብ። ገና ስትገባ፣ መጀመሪያ ላይ።"

"ትዝ አይለኝም አልኩ እኮ!" አለ ባልተስ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ራሱንም አስደነገጠው።

ያን ጊዜ ከኋላ ሰሎሜ በትሯን ተደግፋ ወደ ፊት መጣች። አርጅታለች፤ ወገቧ ከሁለት ታጥፏል።

"ቁልሉ የዚህ ሰውዬ ቤት ነው ያለው" አለች። "ምድጃው ውስጥ።"

ነገረ ፈጁ ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ "ምድጃ ውስጥ? ምን፣ ሊቀቀል ነው?" ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጭሰኛው ሳቀ፣ ዳኞቹ ሳቁ። አሳሄልም፣ መሬቱ ከእጁ እየወጣ እንኳ፣ መሳቅ አላቃተውም፤ "ኧረ እማማ! እኔ ስንት ክረምት እዚያ ተቀምጬ ካመድ በቀር ያየሁት የለም" አለ።

ባልተስም ሳቀ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻውን ፊቱን ጥቁር አድርጎ መቆም ፈራና ሳቀ። ሰሎሜ አየችው። አልተቆጣችም፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቅርጫቷን አንስታ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። የዳኞቹ ጸሐፊም የተናገረችውን አልጻፈውም።

ሲመለሱ አሳሄል ክንዱን ባልተስ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

"አትዘን፣ ወንድሜ" አለው። "እነዚያ ሁለቱ የጌታው ጭሰኞች ቁልሉን ተራራው ላይ አይተናል ብለው በሐሰት ሲምሉ ሰምተሃቸዋል። አንተ ግን የማታስታውሰውን አላስታውስም አልክ። እኔ እንድታውቅልኝ የምፈልገው፣ ቅር አላለኝም። ሐቀኛ ሰው ነህ።"

ባልተስ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። የአሳሄል ክንድ ከበደው፤ ግን ከትከሻው ላይ አላወረደውም።

ምስለኔው ቃሉን ጠበቀ፤ ሳምንት ሳይሞላ የዮስት ስም የገባበት ውል መጣ። ዳኞቹም ወሰኑ ተራራው ላይ ነው ብለው ወሰኑ፤ የቀረው የኦልባኒ ችሎት በፀደይ ተሰይሞ ማህተም ማድረጉ ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች ዘጠኙ አንገታቸውን ደፍተው ጭሰኛ ሆኑ። አሳሄል ግን "የገዛሁትን መሬት መልሼ ልከራይ? የት አባቱ!" አለ። ልጆቹ የቤታቸው ጣሪያ ሲነቀል እንዳያዩ ብሎ፣ ችሎቱ ሳይሰየም እቃውን መጫን ጀመረ።

ባልተስ እቃ ሊያግዝ ሄደ። ሚንድዌል ቤት ውስጥ ናት። ሁለቱ ወንዶች ከጎተራው ጀርባ ማረሻውን ሲያነሱ፣ ባልተስ ማረሻውን መልሶ አስቀመጠው።

"አሳሄል፣ ሰሎሜ ያለችው እውነት ነው።"

"የትኛው?"

"ምድጃው። ቁልሉን እኔ ነኝ ያነሳሁት። እኔ ነኝ የሠራሁበት። ወሰን መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም።"

አሳሄል መጀመሪያ ሳቅ ሊል ቃጣው፤ ከዚያ የባልተስን ፊት አየ። ቀስ ብሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ወፍጮ ቤት ስታነበው።"

"ከምርመራው በፊት።"

"ከምርመራው በፊት።"

"ያን ቀን ሳቅክ እኮ፣ ባልተስ።"

"አዎ።"

"እኔም ሳቅኩ" አለ አሳሄል። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ሲነሳ ግን ስድብ አልወጣውም፤ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ባልዲ ፍለጋ እንደሚሮጥ ያለ መልክ ነበር የያዘው።

"ስማኝ። ችሎቱ ማህተም የሚያደርገው የፊታችን ሐሙስ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። ኦልባኒ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መጥተህ ይሄንኑ ለዳኞቹ ንገር፤ እነሱ ራሳቸው መጥተው ምድጃውን ይዩት። ስለ ሌላው ሌላ ቀን እናወራለን። ቆብህን አምጣና ጋሪው ላይ ውጣ።"

"አፖሎኒያን ልንገራት።"

"ንገራት። ቶሎ በል። መንገዱ ላይ ቆመን እንጠብቅሃለን። ለሚንድዌል እኔ ምንም አልነግራትም፤ አንተው ትነግራታለህ።"

ባልተስ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከብዙ ዓመት በኋላ ትከሻው ቀለለው። ለአፖሎኒያ ቆሞ ነገራት። እሷ አላቋረጠችውም። ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን የሰሎሜን ድንጋዮች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ካፖርቱንና ቆቡን ከምስማሩ አውርዳ ዘረጋችለት።

"ሂድ" አለችው።

"ዮስት ቤቱን ያጣል።"

"ዮስት ሁለት እጅ አለው። ሂድ፣ ባልተስ።"

"ትንሽ ልረፍና።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የፈራው ጌታውን አልነበረም፤ ውሉንም አልነበረም። የሚታየው የኦልባኒ አዳራሽ ነው፣ ያ ነገረ ፈጅ ነው። "ምለህ ነበር አይደል?" ሲለው። "ስትስቅም ነበር አይደል?" ሲለው። ሚንድዌል መንገድ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ስትሰማ፣ ሰሎሜ ተጠርታ ስትመጣ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ስሙን ሲያነሳ። ይህን ሁሉ ፊት የሚያይበት ፊት አልነበረውም። ተነሳ ይላል ለራሱ፣ ግን ከወንበሩ አይነሳም። በመስኮቱ ጋሪው ይታያል። በሬዎቹ ጭራቸውን ይወዘውዛሉ፣ ልጆቹ እቃው ላይ ተቀምጠዋል፣ አሳሄል ከፊት ቆሞ ወደዚህ ቤት ያያል። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጣች፣ ጥላው አጠረ። አፖሎኒያ ካፖርቱን በክንዷ ይዛ ቆማለች።

"እየጠበቁህ ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

በመጨረሻ ካፖርቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ራሷ ወጣች። ባልተስ በመስኮቱ አያት፤ ጋሪው ጋ ደርሳ ተናገረች። ሚንድዌል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሚንድዌል ጋሪው ላይ ወጥታ፣ ጠዋት ሙሉ ሲያስሩት የዋሉትን ገመድ ፈትታ፣ አንዱን ሳጥን አንስታ፣ ሌላውን ገፍታ፣ ከሥር አንዳች ነገር ስትፈልግ ቆየች። አግኝታ ለአፖሎኒያ ሰጠቻት፤ ተቃቀፉ። አሳሄል ገመዱን መልሶ አሰረው። ጋሪው ሄደ፤ ወደ ኦልባኒ በሚወስደው በኩል ሳይሆን ወደ ተራራው።

አፖሎኒያ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ቅጠል ይዛ ገባች።

"ምን አልሻቸው?" አላት።

"በድንገት አሞታል አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?" "ሚንድዌል 'ጠዋት ደህና አልነበረም እንዴ!' ብላ ደነገጠች። መድኃኒቱ ከሥር ነበር፣ ሁሉንም ፈትታ ነው ያወጣችው። ሦስት ቀን ይውሰድ ብላለች።"

"አሳሄልስ?"

አፖሎኒያ ድስቱን አንስታ ምድጃው ላይ ጣደች። ቅጠሉን ጨምራ እስኪፈላ ጠበቀች።

"ትኩሱን ይጠጣው፣ አለ።"

ቀድታ አቀበለችው። ባልተስ አንዳች ሕመም ሳይኖርበት፣ ዓይኑን ከጽዋው ሳያነሳ፣ እስከ አተላው ጠጣው።